ደጅ የቀረው ታላቅ ልጅ

ስለ ይቅርታ ለማስተማር የሚቸኩል ሰው ሳይ፣ ማን ዝም እንዲልለት ፈልጎ ይሆን ብዬ እጠይቃለሁ። ክፉ ልማድ ነው፤ አውቃለሁ። ብዙ ማንበብ ሰውን ያለሰልሳል ይባላል፤ እኔን ግን ጠርጣራ ነው ያደረገኝ። ስለዚህ ባለፈው ሰሞን የወጣት መዘምራኑ መሪ ናትናኤል፣ አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «እህት አስቴር፣ ቅዳሜ ለወጣቶቹ ስለ ይቅርታ አንድ ሰዓት ብታስተምሪልን» ሲለኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ትምህርቱ አልነበረም።

«ማን ማንን በደለ?» አልኩት።

«አይ፣ እንዲያው በጠቅላላው ነው...»

«ናትናኤል፣ በጠቅላላው የሚበደል ሰው የለም።»

ሳቀ፤ ከዚያም ነገሩን አወጣው። ከመዘምራኑ አንዷ፣ ሜሮን የምትባለው፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቷን ያየች ቀን እያለቀሰች ለልብ ጓደኛዋ ለቤዛ የድምፅ መልእክት ትልካለች። አለማለፏን፣ ማፈሯን፣ ለቤተሰቧ ምን ብላ እንደምትነግር አለማወቋን። ቤዛ ያንን ለቅሶ መዘምራኑ በሙሉ ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው፤ ከሥሩም የሚስቅ ፊት ለጠፈችበት። በማግስቱ እዚያው ግሩፕ ላይ «ይቅርታ ሜሪዬ» ብላ ሦስት ቀይ ልብ ጨመረች። ሜሮን ልምምድ መምጣት አቆመች። የመዘምራኑ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። ምዕራብ ዓባያ ላይ ጉባኤ አለ፤ ሁለተኛውን መዝሙር ከሜሮን ሌላ የሚያወጣው የለም።

«ስለ ጠፋው ልጅ ብታስተምሪ አሪፍ ነው» አለኝ ናትናኤል። «ቤዛን ይነካታል፤ ሜሮንም ልቧ ይሰበራል። መጨረሻ ላይ ይቃቀፋሉ፣ እንጸልያለን፣ ያልቃል።»

ያልቃል። እኔ ይህቺን ቃል አውቃታለሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ሳለሁ በዚሁ ምሳሌ፣ በዚችው ከተማ፣ አንድ ነገር እንዲያልቅ ተደርጎልኛል።

ያኔ ያደግኩበት የታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ ዛሬ እንደምታዩት አልነበረም። ይህን ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ጽፎት ሳነብ እበሳጫለሁ፤ እንግዲህ ተራዬ ደረሰ። መንግሥት የተለወጠበት ሰሞን ነው። የጸሎት አዳራሻችን ለዓመታት የእህል መጋዘን ሆኖ ከርሞ ገና መመለሱ ነበር፤ ግድግዳው የበቆሎ አቧራ ይሸታል፤ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስንዘምር ከማገሩ ላይ ነቀዝ ይረግፍብናል። ሽማግሌዎቹ ይህን የእግዚአብሔር ቤት መልሶ የመቀደስ ምልክት አድርገው ተረጎሙት፤ እኔ የነቀዝ ምልክት ይመስለኝ ነበር። የሴቶቹ የክት ልብስ ከቴትሮን የተሰፋ ባለ ሽንሽን ቀሚስ ነው። ወንዶቹ ከታላቅ ወንድም የወረሱትን እግሩ የሰፋ ሱሪ በገመድ አጥብቀው ይመጣሉ። ጫማችን ኮንጎ ነበር፤ በአርባ ምንጭ የቀትር ፀሐይ ፕላስቲኩ ስለሚግል፣ ከጸሎት ስንወጣ ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው ጥላ እንዘላለን። ከኩልፎ ወንዝ ዳር በጋሪ የሚመጣው ሙዝ በሃምሳ ሳንቲም ሁለት ልጅ አጥግቦ ይተርፍ ነበር፤ የላመውን ባለ ጥቁር ነጥቡን ከወሰድክ ደግሞ ምራቂ አለው። ዛሬ ያው ሙዝ አዲስ አበባ ደርሶ በኪሎ ተመዝኖ ሲሸጥ አይቼ ዘመዴ ትልቅ ባለሥልጣን የሆነ ያህል ነው የተሰማኝ፤ ኮራሁ፣ ግን አላናገረኝም።

ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ጥግ ላይ፣ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ከእሱ ቤት ጓሮ ሆነን የመዝሙር ካሴት እንሰማለን። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም የዘማሪው ድምፅ እየወፈረ፣ እየጎተተ፣ መጨረሻ ላይ እንደ በሬ ሊያገሳ ይደርሳል፤ ያኔ ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣና እንጠብቃለን። እኔ መዝሙር መጻፍ የጀመርኩት በዚያ ጥበቃ ሰዓት ነው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነበረኝ። እዚያ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያው ሙሉ መዝሙር «እንደ ኩልፎ ውኃ የማይጎድል ምሕረትህ» ብሎ ይጀምራል። ትልቅ ግጥም አልነበረም። ኩልፎ በበጋ ይጎድላል፤ ይህን እንኳ አላስተዋልኩም። ግን የኔ ነበር።

የአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ፣ ሳሙኤል የሚባል፣ ደብተሬን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተዋሰኝ፤ ሌሎች መዝሙሮችን ልገለብጥ ብሎ። እሑድ ጉባኤው ፊት ቆመና «ይህ ጌታ በሌሊት የሰጠኝ አዲስ መዝሙር ነው» አለ። ጌታ በሌሊት ምን እንደሰጠው አላውቅም፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። አንድ ቃል ብቻ ነው የለወጠው። ኩልፎን አውጥቶ ዮርዳኖስን አስገባ። ዮርዳኖስን ያየ ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ሁሉም ያለቀሰው።

የሰንበት ትምህርት መምህራችን ወንድም ደስታ ነበር፤ ቀጭን፣ ደግ፣ ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ፤ አሳየሁት። አነበበው፤ አመነኝም። የሚያበሳጨኝ ይኸው ነው፤ አመነኝ።

«አስቴርዬ» አለኝ፣ «መዝሙር የማንም አይደለም፤ የጌታ ነው። ይቅር በዪው።»

«እሺ፤ መጀመሪያ የአስቴር ነው ብሎ ይናገር።»

«እንደዚያ ካልሽማ ይቅርታ አይባልም፤ ንግድ ነው። ልብሽ እየደነደነ ነው፣ ተጠንቀቂ።»

ቤት ስደርስ ደረቴን በጣቴ ተጫንኩት። ደንድኖ እንደሆነ ለማየት።

ወንድም ደስታ መፍትሔ አላጣም። ለበዓል የምናሳየው ድራማ ነበር፤ የጠፋው ልጅ። ሳሙኤል ታናሹን ልጅ ይሆናል፤ እኔ ታላቁን። መድረክ ላይ ታርቀን ስንቃቀፍ እውነተኛው ጠብ አብሮ ይሞታል ብሎ ነው። በነገራችን ላይ ታላቁን ልጅ መሆን የፈለገ ወንድ ልጅ ጠፍቶ ነበር። ሁሉም መጥፋት፣ ከአሳማ ጋር መብላት፣ ቀለበት ማድረግ ነው የፈለጉት። ማንም ዶማ ይዞ ከእርሻ መመለስ አልፈለገም። ስለዚህ በአባቴ ሱሪ ሴት ልጅ ታላቅ ወንድም ሆነች።

አባትየውን የሠራው ባሳ ነው። ባሳ በዚያው ዓመት ከደጋው ከጨንቻ ወርዶ አክስቱ ዘንድ የተቀመጠ ልጅ ነበር፤ ከኛ ሁሉ ይረዝማል፣ ድምፁም ቀድሞ ጎርንኗል፤ ለአባትነት የተመረጠው ለዚህ ነው። አማርኛው ግን ገና ነበር። እኛም የቆላዎቹ በቤታችን ጋሞኛ ነው የምንናገረው፤ ባሳ ግን ወንድና ሴትን ጨርሶ ያቀላቅል ነበር። አውራ ዶሮ «መጣች» ይላል። ወንድም ደስታን በክፍል ሙሉ ሰው ፊት «አንቺ» ብሎት ሳምንቱን ሙሉ ስንስቅ ከርመናል። ወንድም ደስታ ለባሳ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰጠው፦ «ልጄ፣ ቤቱ ያንተ ነው። ወንድምህ መጥቷልና ግባ።» ከዚያ እጄን ይዞ ያስገባኛል፣ ሳሙኤል ያቅፈኛል፣ ከበሮ ይመታል፣ መዝሙር ይቀጥላል። የትኛው መዝሙር እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል?

መድረክ ስላልነበረን የአዳራሹ በር የአባትየው ቤት በር ሆነ። አባትየው የለበሰው አንሶላ ነው፤ ራሱ ላይ ፎጣ አስረንለታል። ለድግሱ እናቶች ቆጮና ዳጣ አቅርበው፣ ተመልካቹ ከተዋናዮቹ ቀድሞ ጀምሮታል። እኔ ዶማዬን ይዤ ደጅ ተቀምጫለሁ፤ ሕዝቡ ወደ በሩ ዞሯል። ውስጥ ይጨፈራል። ባሳ ወጣ። ቆመ። አየኝ። ዓረፍተ ነገሩ ጠፋበት።

ወንድም ደስታ ከመቃኑ ጀርባ «ለምነው!» አለው በሹክሹክታ። «ለምነው እንጂ፣ ባሳ! ለምነው!»

ባሳ ግራ ቀኙን ተመለከተ። ዝናብ ከርሞ ስለነበር ከበሩ አጠገብ ሣሩ አድጓል። ጎንበስ አለና በሁለት እጁ ነጨው፤ መጣ፤ በአንሶላው ተንበረከከ፤ ሣሩን ወደ እኔ ከፍ አድርጎ ያዘው።

ለማያውቅ ሰው ልናገር። በእኛ አገር የተከበረ ሰው ርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ፣ የቱንም ያህል ብትቆጣ እሱን አልፈህ አትሄድም። ዛሬ ያ ሣር በየስብሰባ አዳራሹ ባነር ላይ ታትሟል፤ ከሥሩ የአበል ቅጽ ይፈረማል። ግን ብዙዎቹ የማይናገሩት ነገር አለ። ሣሩ «ይቅር በል» ማለት አይደለም። ሣሩ «ቁም» ማለት ነው። ከቆምክ በኋላ የተበደልከውን ትናገራለህ፤ የተንበረከከው ሰው ይሰማል። ጨርሻለሁ የምትለው አንተ ነህ። አባቴ ከጨንቻ የመጣ ሸማኔ ነበር፤ ዱቡሻ በሚባለው የሽምግልና ሜዳ ተቀምጦ ያየውን እንዲህ ብሎ ነው የነገረኝ።

ከኋላ የተቀመጡት የደጋ ሰዎች አንድ በአንድ ከአግዳሚው ተነሡ። ማንም ተነሡ አላላቸውም። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። ሣሩን የያዘው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ራሱ ላይ ፎጣ ያሰረ ልጅ፣ መሆኑ የጠፋባቸው ይመስል ነበር።

ያኔ ለባሳ ከሁለቱ ዓረፍተ ነገር አንዱ ትዝ አለው። በራሱ አማርኛ።

«ልጄ፣ ቤቱ ያንቺ ነው» አለኝ። ከዚያ የሚቀጥለው ጠፋው መሰለኝ፤ ከራሱ ጨመረበት። «ምን ሆንሽ?»

ወጣቶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ታላቁን ወንድም «አንቺ» አለው ብለው። እኔ አልሳቅኩም። ድራማው ለአንዲት ደቂቃ ድራማ መሆኑን ትቶ ነበር። በዚያ ሁሉ ሳምንት ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ልብሽ እንዴት ነው እንጂ።

አፌን ከፈትኩ። «ደብተሬን...» አልኩ።

ከበሮው ቀደመኝ። ወንድም ደስታ በእጁ ምልክት ሰጥቶ ነበር። ሳሙኤል ከውስጥ ሮጦ ወጥቶ፣ ባሳን በጉልበቱ ገፋ አድርጎ አቀፈኝ። ሕዝቡ እልል አለ። በራሴ መዝሙር፣ በዮርዳኖስ፣ ታቅፌ ወደ ውስጥ ተወሰድኩ። ያልቃል ማለት ይህ ነው።

ከድራማው በኋላ ወንድም ደስታ ባሳን ጥግ ወስዶ ሲቆጣው ሰማሁ። «ይሄ የድሮ አምልኮ ነው! ወንጌል ሣር አይፈልግም! ማን አስተማረህ?»

ባሳ ከልቡ ግራ ተጋብቶ ነበር። «ለምነው አልሺኝ» አለው። «ለመንኩ።»

ቤት ገብቼ መጽሐፉን ገለጥኩ፤ እልኸኛ ስለነበርኩ እንጂ መንፈሳዊ ሆኜ አይደለም። ባሳ ትክክል ነበር። አባትየው ታላቁን ልጅ አላዘዘውም፤ ወጥቶ ለመነው። ልጁም ዝም አላለም፤ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ምን እንደተነፈገ፣ ያ ያንተ ልጅ እያለ፣ ምሬቱን ሁሉ ዘረገፈው። አባትየው መሃል ላይ አላቋረጠውም። ልብህ ደንድኗል አላለውም። ውስጥ ድግስ አለ፣ እንግዳ አለ፣ እሱ ግን ደጅ ቆሞ ይሰማል። ከዚያም ታሪኩ እዚያው ይቆማል፤ ልጁ ይግባ አይግባ አልተጻፈም። ከዚያ ወዲህ ይህ ምሳሌ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሰባኪው ደጁ ጋ ሲደርስ ይቸኩላል፤ ታላቁን ልጅ ግብዝ ብሎ ይሰድበዋል፣ ወደ ድግሱ ይመለሳል። ታላቁ ልጅ ደግ ሰው ነበር አልልም። ቂመኛ ነው፣ ነገር ቆጣሪ ነው፣ ማዕድ ላይ ብዙ ሰዓት አብሬው ብቀመጥ የሚሰለቸኝ ዓይነት ነው። ግን የተለመነው እሱ ነው። ይህን ዘልሎ ስለ ይቅርታ የሚያስተምር ሰው ያስተማረው ስለ ጸጥታ ነው።

ባሳ በዓመቱ ወደ ጨንቻ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሲያስጨንቀኝ የኖረ ጥያቄም አይደለም፤ ልዋሽ አልፈልግም። ሳሙኤል በሌላ ከተማ የተከበረ ሰባኪ ነው። ስንገናኝ ተሳስመን፣ ስለ ልጆቻችን ተጠያይቀን እንለያያለን። ስለ ደብተሩ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። አልቋላ።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ዛሬ የሴራሚክ ወለል፣ ማራገቢያ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ድምፅ ማጉያ አለው። ወጣቶቹ ቲሸርት ለብሰው፣ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ ገልብጠው ተቀምጠዋል፤ መገልበጣቸው ለኔ ክብር መሆኑ ነው። ሜሮን የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ ነበረች። እናቷ ናት በግድ የላከቻት። ቤዛ ፊት ረድፍ ላይ ናት፤ ዓይኗ አብጧል። እውነቱን ለመናገር ቤዛን መጥላት ፈልጌ ነበር፤ ሳያት ግን ቀለል ያለች፣ ቀልድ መስሏት የሰው ቆዳ የገፈፈች ልጅ ሆና አገኘኋት።

ምሳሌውን ተረኩ። «ታሪኩ የት ላይ ያልቃል?» አልኳቸው።

«ድግሱ ላይ!» አሉ ባንድ ድምፅ።

«አንብቡት።»

ስልካቸውን አንስተው ፈለጉ። አንዱ ከመሃል «ኧረ ደጅ ነው!» አለ። «አይገባም እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ? አንተ ብትሆን ትገባለህ?»

«ድግሱ ምን እንዳለው ይወሰናል፣ እህት አስቴር።» ሳቁ። ከሳቁ በኋላ መከራከር ጀመሩ፤ ደስ የሚል ክርክር ነበር። ናትናኤል ግን ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። ሦስተኛው ላይ ተነሣ።

«አሜን፤ ጌታ እህታችንን ይባርክ» አለ። «አሁን እንግዲህ ቃሉን በተግባር የምናይበት ሰዓት ነው። ቤዛ፣ ሜሮን፣ ወደዚህ ኑ።»

ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ቀስ ያለ ነገር ጀመረ። ሰው ሊያጨበጭብ እጁን አዘጋጀ። ቤዛ እያለቀሰች፣ እጇን ዘርግታ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ሜሮን ከወንበሯ ተነሥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ስም ልሰጠው አልችልም፤ ከውስጥ ግን አውቀዋለሁ።

«ኪቦርዱን አቁመው» አልኩ። ልጁ አልሰማኝም። ሄጄ ሶኬቱን ነቀልኩት። ወደ ሃምሳ በሚጠጋው ዕድሜዬ የፈጸምኩት ከሁሉ የሚበልጥ መንፈሳዊ ተግባር ይህ ይመስለኛል።

«ሜሮን» አልኳት፣ «ምን ሆንሽ?»

ጀርባዋን ከግድግዳው አላቀቀች።

«እናቴ ገበያ ነው የሰማችው» አለች። «እኔ ገና አልነገርኳትም ነበር። ማታ ልነግራት ነበር፤ ቃል በቃል አዘጋጅቼ ነበር። ጎረቤት ስልክ ላይ የኔን ለቅሶ አሰማቻት። እናቴ ቲማቲም እየመረጠች... ልጄ ሞተች እንዴ ብላ ነው የጮኸችው።»

ቤዛ መሃል መንገድ ላይ ቆመች። የዘረጋችው እጅ ወረደ። «አላወቅኩም» አለች።

«አታውቂም። አልጠየቅሽኝም። ልብ ነው የላክሽልኝ፤ ሦስት ልብ።»

«ሜሪዬ...»

«ሜሪዬ አትበዪኝ አሁን።»

ናትናኤል ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እህቶቼ፣ በጌታ ፍቅር፣ ይቅር—»

«ወንድም ናትናኤል» አለች ሜሮን ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፤ «ገና አልጨረስኩም።»

ተቀመጠ። እሷ ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለጉባኤ ሪፖርት አይመችም። ማንም አልተቃቀፈም። መዘምራኑ ምዕራብ ዓባያ ሄደው ሁለተኛውን መዝሙር ሳይዘምሩ ተመለሱ። ናትናኤል አኩርፎኛል፤ ባለፈው እሑድ ሰላም ሲለኝ የእጁን ጫፍ ብቻ ነው የሰጠኝ። አንዳንድ ወላጅ ደግሞ «ልጆቹን ቂም አስተማረቻቸው» ማለቱን ሰምቻለሁ፤ ሊሆን ይችላል። ትናንት ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው መንገድ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሁለቱን አየኋቸው። በእግር ነበሩ። በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ትተው ይሄዳሉ። ሜሮን በእጇ ጭምር ትናገራለች፤ ቤዛ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች።